የዲጂታል ፎቶግራፍም ጀርባ አለው

በአክስቴ ቤት፣ ከአራዳ ጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ባለው ሰፈር፣ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አለ። ጠርዛቸው እንደ ዳንቴል የተቆረጠ፣ ከመዳፍ የማይበልጡ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎች ተደርድረውበታል። ከዓምና ጀምሮ እነዚህን ፎቶግራፎች ስካን እያደረግሁ ወደ ኮምፒውተር በማስገባት ላይ ነኝ። በአንዱ ላይ ሦስት ወጣቶች ነጠላ ለብሰው ቆመዋል፤ ከኋላቸው ከባሕር ዛፍ በቀር የሚታይ ነገር የለም። ገልብጬ ሳየው ግን በፈዘዘ ሰማያዊ ቀለም «ለማስታወሻ፤ ጥር 12 ቀን 1959 ዓ.ም.፤ ከጃንሜዳ ሚካኤልን ስንሸኝ» የሚል ተጽፎበታል። ይህች አንዲት መስመር ባትኖር ኖሮ ፎቶግራፉ የት፣ መቼና ለምን እንደተነሣ ከባሕር ዛፉ ልንረዳ አንችልም ነበር።

በዚያው ጠረጴዛ ላይ ባለው ኮምፒውተሬ ውስጥ ደግሞ በካሜራና በስልክ የተነሡ፣ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ፎቶግራፎች አሉ። በጥራት ከአክስቴ ፎቶግራፎች እጅግ ይበልጣሉ፤ ስማቸው ግን ፊደልና ቁጥር ብቻ ነው፤ ጀርባም ያላቸው አይመስሉም። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው እነርሱም ጀርባ እንዳላቸው፣ በዚያ ላይ በኮምፒውተር ፕሮግራም እንዴት እንደሚጻፍ፣ የተጻፈውም እንዳይጠፋ ምን ማድረግ እንደሚያስፈልግ ለማስረዳት ነው።

«ሜታዳታ» የሚለው ቃል አብዛኛውን ጊዜ «ስለ መረጃ የሚገልጽ መረጃ» ተብሎ ይፈታል። ፍቺው ትክክል ቢሆንም ለጀማሪ ብዙ አይፈይድም። ከፎቶግራፍ ጀርባ የሚጻፍ ጽሑፍ ነው ብሎ መነሣት ይሻላል፤ በተግባርም ነገሩ ያው ነውና። ጄፔግ በሚባለው በተለመደው የፎቶግራፍ ፋይል ውስጥ ያለው ምስሉ ብቻ አይደለም፤ ለጽሑፍ የተለዩ ቦታዎችም አሉ። ፋይሉን ከኮምፒውተር ወደ ፍላሽ፣ ከፍላሽ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ስንገለብጠው በእነዚህ ቦታዎች የተጻፈው አብሮ ይሄዳል። ጽሑፉን መጨመርም ሆነ ማረም የምስሉን ጥራት አይነካም፤ ቀለሙም ጥራቱም እንደነበረ ይቆያል።

ከእነዚህ ቦታዎች አንዱን ካሜራው ራሱ ይሞላዋል። ኤግዚፍ ይባላል፤ መነሻው ጃፓን ሲሆን የመጀመሪያው እትም የወጣው እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1995 ነው። ፎቶግራፉ የተነሣበት ቀንና ሰዓት፣ የካሜራው ዓይነት፣ ሌንሱ፣ የብርሃኑ መጠን፣ ስልክ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ የቆምንበት ቦታ መጋጠሚያ ጭምር እዚያ ይመዘገባል። ካሜራው ግን የሚያውቀው የራሱን ነገር ብቻ ነው። ፊቱ የቆመው ሰው አጎት ይሁን አላፊ አግዳሚ፣ ድንኳኑ የሠርግ ይሁን የለቅሶ፣ ሊያውቅ አይችልም።

ለሰው የተተዉት ቦታዎች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው በተለምዶ አይ ፒ ቲ ሲ የሚባለው ነው፤ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1965 ከተመሠረተው ዓለም አቀፍ የፕሬስ ቴሌኮሙኒኬሽን ምክር ቤት ነው። የዜና ወኪሎችና ጋዜጦች ፎቶግራፍ ሲቀባበሉ የሥዕሉ መግለጫ ከሥዕሉ እየተለየ ስላስቸገራቸው፣ መግለጫው በፋይሉ ውስጥ ገብቶ አብሮ የሚጓዝበትን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ አወጡ። ሁለተኛው ኤክስ ኤም ፒ ነው፤ አዶቤ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2001 አቀረበው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ጸደቀ። ዛሬ ያሉ ደኅና ፕሮግራሞች ሁለቱንም ያነባሉ፤ እኛ አንድ ጊዜ ስንጽፍ እነርሱ በሁለቱም ቦታ ያስገቡታል። የሁለቱ ልዩነት ለአማርኛ ጸሐፊ ለምን እንደሚያስፈልገው ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፤ እኔ በጊዜው ባለመጠየቄ ብዙ ድካሜ ከንቱ ቀርቷል። ጥያቄው «የምጽፈው ነገር የሚቀመጠው የት ነው?» የሚል ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሁለት ወር ያህል ማታ ማታ እየተቀመጥሁ ወደ ዘጠኝ መቶ የሚጠጉ የቤተሰብ ፎቶግራፎችን በአንድ ፕሮግራም ላይ ስም፣ ቦታና መግለጫ ሰጠኋቸው። ኮምፒውተሩ ተበላሸና ለጥገና ሰጠሁት፤ ባለሙያው ፎቶግራፎቹን በጥንቃቄ ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ገልብጦ ኮምፒውተሩን ፎርማት አደረገው። ፎቶግራፎቹ አንድም ሳይጎድሉ ተመለሱ፤ ከጻፍሁት ግን አንድ ቃል እንኳ አልተረፈም። ፕሮግራሙ የጻፍሁትን ሁሉ ያኖር የነበረው ዳታቤዝ በሚባለው በራሱ መዝገብ ውስጥ ነበር። መዝገቡ ደግሞ ከፎቶግራፎቹ ርቆ በሌላ ፎልደር ውስጥ ይኖር ስለነበር ማንም እንዲገለብጠው አላሰበውም። የፎቶግራፎቹ ጀርባ ባዶ ነበር ማለት ነው።

ብዙ የፎቶ ፕሮግራሞች ሲጫኑ የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው፤ በቂ ምክንያትም አላቸው። በመዝገብ ውስጥ መፈለግ ሺህ ፋይል አንድ በአንድ ከፍቶ ከማንበብ በብዙ እጥፍ ይፈጥናል፤ ዋናው ፋይልም ሳይነካ ይቆያል። ስለዚህ መዝገቡ ራሱ አይጠላም። ጉዳቱ የሚመጣው ጽሑፉ በመዝገቡ ውስጥ ብቻ ሲቀር ነው። ፕሮግራሙ የተሠራበት ኩባንያ ሥራውን ቢያቆም፣ ኮምፒውተሩ ቢሰረቅ፣ ፎልደሩ ስሙ ቢቀየር፣ መዝገቡና ፎቶግራፉ ተለያይተው ይቀራሉ። ስለዚህ የትኛውንም ፕሮግራም ስንመርጥ መጀመሪያ ማየት ያለብን ጽሑፉን ወደ ፋይሉ ውስጥ የሚያስገባ መሆኑንና ያንን እንዲያደርግ የታዘዘ መሆኑን ነው።

ለዚህ ሥራ እኔ የምጠቀመው ዲጂካም የሚባለውን ፕሮግራም ነው። በነፃ የሚገኝ፣ በዊንዶውስም በሊኑክስም በማክም የሚሠራ ነው። ሌላም አለ፤ አዶቤ ብሪጅ ያለ ክፍያ ይሰጣል፣ ኤክስኤንቪው ለግል አገልግሎት ነፃ ነው፣ ላይትሩም ደግሞ በክፍያ ነው። ምንም መጫን የማይፈልግ ሰው በዊንዶውስ ላይ የጄፔግ ፋይሉን በቀኝ ጠቅ አድርጎ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያም ዲቴይልስ የሚለውን ቢከፍት ርዕስ፣ ታግ (ፎቶግራፉ ኋላ የሚፈለግበት ቃል) እና አስተያየት የሚጻፍባቸውን ቦታዎች ያገኛል፤ እዚያ የጻፈውም ፋይሉ ውስጥ ይገባል። ለሃያ ፎቶግራፍ ይበቃል፤ ለሁለት ሺህ ግን አይሆንም።

ዲጂካም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት ፎቶግራፎቹ ያሉበትን ፎልደርና መዝገቡ የሚቀመጥበትን ቦታ ይጠይቃል። ቀጥሎም መረጃውን በፋይሎቹ ውስጥ ልጻፍ ወይስ ልተወው ብሎ ይጠይቃል። ብዙ ሰው ይህን ሳያነብ «ቀጥል» እያለ ያልፈዋል፤ ሆኖም የሥራው ዕጣ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው፤ «ጻፍ» የሚለው መመረጥ አለበት። ያለፈው ሰው ሴቲንግስ ውስጥ ገብቶ ሜታዳታ በሚለው ገጽ ላይ ታጎች፣ መግለጫዎችና ቀኖች ወደ ፋይል እንዲጻፉ የሚያዝዙትን ሳጥኖች ምልክት ሊያደርግባቸው ይችላል። በፊት የተጻፈውም አይቀርም፤ በመዝገቡ ውስጥ ያለውን ወደ ፋይሎቹ እንዲያስተላልፍ ማዘዝ ይቻላል።

ራው በሚባለው የካሜራ ጥሬ ፋይል የሚሠሩ ሰዎች አንድ ልዩነት ያጋጥማቸዋል። ፕሮግራሞች ጥሬውን ፋይል መንካት ስለማይፈልጉ ጽሑፉን አጠገቡ በምትቀመጥ፣ ስሟ ከፎቶግራፉ ጋር አንድ በሆነ ትንሽ የኤክስ ኤም ፒ ፋይል ውስጥ ያኖሩታል። ፎቶግራፉ ሲገለበጥ ይህች የጎን ፋይል አብራ ካልሄደች ጽሑፉ ይቀራል።

አሁን ወደ ጽሑፉ እንምጣ። በዲጂካም በስተቀኝ በኩል ካለው ዓምድ ላይ ካፕሽንስ የሚለውን ስንከፍት ርዕስና መግለጫ የሚጻፍባቸው ቦታዎች ይመጣሉ፤ አጠገቡ የታጎች ገጽ አለ። መግለጫ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ለሚያነብ ሰው ይጻፋል። ታግ ነጠላ ቃል ወይም ስም ነው፣ ለሚፈልግ ሰው ይጻፋል። ሁለቱን ማደባለቅ የተለመደ ስሕተት ነው።

ከራሴ ፎቶግራፎች አንዱን ልጥቀስ። መጀመሪያ የጻፍሁበት መግለጫ «የዓድዋ በዓል» የሚል ብቻ ነበር። ኋላ ያስተካከልሁት እንዲህ ነው፦ «በዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ 121ኛው የዓድዋ ድል በዓል ሲከበር፣ የአርበኛ ልብስ የለበሱ አዛውንት ከሐውልቱ በስተግራ ቆመው ሲፎክሩ። አዲስ አበባ፣ አራዳ፤ የካቲት 23 ቀን 2009 ዓ.ም.፤ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በር በኩል የተነሣ።» የመጀመሪያው ለእኔ በዚያን ሰሞን በቂ ነበር፤ ሁለተኛው በቦታው ላልነበረ ሰው ይበቃል። በተለይ የመጨረሻዋን ሐረግ፣ ከየት ሆኖ እንደተነሣ የምትናገረውን፣ አደራ እላለሁ። ከዓመታት በኋላ አካባቢው ሲለወጥ፣ በሥዕሉ ላይ የሚታየው የት እንደነበር ለማወቅ ከዚህች ሐረግ የሚበልጥ ረዳት የለም።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ሥራ በፒያሳና በዶሮ ማነቂያ ብዙ ቤቶች ፈርሰዋል። ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት በዚያ ሰፈር የተነሡ ፎቶግራፎች ሲነሡ መግለጫ የሚያስፈልጋቸው አይመስሉም ነበር፤ ማዕዘኑን፣ ደረጃውን፣ የእንጨት በረንዳውን ሁሉም ሰው ያውቀዋልና። ዛሬ ያንኑ ፎቶግራፍ ለአሥር ዓመት ልጅ ብናሳየው የት እንደሆነ ሊነግረን አይችልም። ትናንት ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው ነገ ማንም የማያውቀው የሚሆነው፤ ስለዚህ መጻፍ የሚገባው ቦታው ገና ቆሞ ሳለ ነው።

አሁን አሁን ፎቶግራፉን አይተው በራሳቸው ታግ የሚሰጡ ፕሮግራሞች መጥተዋል። «ሰው»፣ «ዛፍ»፣ «ሕንፃ» እያሉ ይጽፋሉ፤ በመቶ ሺህ ለሚቆጠር ስብስብ ይረዳሉ። ነገር ግን የሚጽፉት ዓይን የሚያየውን ነው። የአክስቴን ፎቶግራፍ ብንሰጣቸው ሦስት ሰዎችና ባሕር ዛፍ ይሉናል፤ ቃና ዘገሊላ አይሉንም። ሰው መጻፍ ያለበት በሥዕሉ ላይ የማይታየውን ነው።

በታግ በኩል የአዲስ አበባ ነዋሪ ቶሎ የሚረዳው ምሳሌ «አንበሳ» የሚለው ቃል ነው። በለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት፣ ጣሊያኖች ወደ ሮም ወስደውት ኋላ የተመለሰው የሞዓ አንበሳ ሐውልት አለ። ከዚያ በቸርችል ጎዳና ጥቂት ሽቅብ እንደሄድን በብሔራዊ ቴአትር አጠገብ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን 25ኛ የንግሥ ዓመት ለማሰብ ቀራፂው ሞሪስ ካልካ የሠራው ሌላ ትልቅ አንበሳ ቆሟል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ከዚያ አይርቅም፤ አንበሳ አውቶቡስ ደግሞ በሁሉም ፊት ያልፋል። «አንበሳ» ብሎ ብቻውን ታግ ያደረገ ሰው ከዓመታት በኋላ ሲፈልግ አራቱንም አንድ ላይ ያገኛቸዋል። ስለዚህ ታጎችን እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ማዋቀር ይሻላል፤ አዲስ አበባ፣ በሥሩ ለገሃር፣ በሥሩ የሞዓ አንበሳ ሐውልት እያሉ። ዲጂካም ይህን ዓይነት አደረጃጀት ይቀበላል፤ የታችኛው ቅርንጫፍ ላይ ጠቅ ስናደርግ የላይኞቹም እንዲመረጡ ማዘዝ ይቻላል። ስም የተለወጠበት ቦታ ሲያጋጥም ሁለቱንም ስም መስጠት ይገባል። በደርግ ዘመን አብዮት አደባባይ ይባል የነበረው መስቀል አደባባይ በአንዱ ስም ብቻ ከተመዘገበ፣ በሌላው ስም የሚያውቀው ትውልድ ሲፈልገው አያገኘውም።

ፊደላችን ራሱ ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ በሌላ ቋንቋ የተዘጋጁ መመሪያዎች አያነሡትምና እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። «ዓድዋ»፣ «አድዋ» እና «ዐድዋ» ለእኛ አንድ ቃል ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት ናቸው። «ሐውልት»ን በሐመሩ «ሐ» ጽፎ በሃሌታው «ሀ» የፈለገ ሰው ምንም ላያገኝ ይችላል። ለገሃርን በስንት ዓይነት እንደምንጽፈው ማሰብ በቂ ነው። መፍትሔው ትክክለኛው የቱ ነው ብሎ መከራከር ሳይሆን አንዱን መርጦ መጽናት ነው። ፕሮግራሙ ቀድሞ የገቡትን ታጎች መጻፍ ስንጀምር ስለሚያቀርብልን፣ ሁልጊዜ አዲስ ከመጻፍ ከዝርዝሩ መምረጥ ልማድ መሆን አለበት። በቤተሰብ ወይም በመሥሪያ ቤት በጋራ የሚሠራ ከሆነ የተመረጠው አጻጻፍ በአንድ ወረቀት ላይ ሰፍሮ ጠረጴዛው አጠገብ ቢለጠፍ መልካም ነው።

ሁለተኛው ነገር ርዝመት ነው። የግዕዝ ፊደል፣ የዓለም ፊደላት ለኮምፒውተር በቁጥር በሚመዘገቡበት በዩኒኮድ ሥርዓት፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ውስጥ ገብቷል፤ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ ሲቀመጥ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት (ባይት የኮምፒውተር የማስቀመጫ ቦታ መለኪያ ነው) ይወስዳል፤ አንድ የላቲን ፊደል ግን አንድ ባይት ይበቃዋል። አሮጌው የአይ ፒ ቲ ሲ ሥርዓት ደግሞ ለየቦታው ገደብ አበጅቷል፤ ለአንድ ቁልፍ ቃል፣ ማለትም ለአንድ ታግ፣ 64 ባይት፣ ለፎቶ አንሺው ስም 32 ባይት፣ ለመግለጫ 2,000 ባይት። ወደ እኛ ፊደል ሲመለስ ለቁልፍ ቃል 21 ፊደል፣ ለስም 10 ፊደል፣ ለመግለጫ 666 ፊደል ብቻ ይሆናል ማለት ነው። ስምን ከነአባትና ከነአያት የሚጽፍ ሰው አሥር ፊደልን በቀላሉ ያልፋል። «የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የአፍሪካ አዳራሽ» የሚለው ታግ 22 ፊደልና አራት ክፍት ቦታ ስላለው 70 ባይት ይደርሳል፤ ከገደቡ አልፏል። ገደቡን የሚያከብሩ ፕሮግራሞች ትርፉን ይቆርጡታል። መቁረጫው በአንድ ፊደል መካከል ከወደቀ ደግሞ በመጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር አልማዝ ቅርጽ ይታያል። ኤክስ ኤም ፒ ይህ ገደብ የለበትም፤ ስለዚህ ሙሉው ጽሑፍ እዚያ ይተርፋል። ቢሆንም የትኛው ፕሮግራም የትኛውን ቦታ እንደሚያነብ አስቀድመን ስለማናውቅ ታጎችን አጭር ማድረግ፣ ረጅሙን ነገር ለመግለጫ መተው ይበጃል።

ሦስተኛው የአጻጻፍ መሣሪያው ነው። ዩኒኮድ ሳይስፋፋ በፊት በቪዥዋል ግዕዝና በመሰሎቹ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የተጻፈ ጽሑፍ በእርግጥ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ስብስብ ነበር፤ አማርኛ ሆኖ የሚታየው በልዩ ፎንቱ አማካይነት ብቻ ነው። በሜታዳታ ውስጥ ፎንት መምረጥ ስለማይቻል ከእንዲህ ያለ አሮጌ ሰነድ የተገለበጠ መግለጫ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይቀራል። በዊንዶውስ ውስጥ ባለው የአማርኛ ኪቦርድ ወይም ኪማን በሚባለው የመጻፊያ ፕሮግራም መጻፍ ከዚህ ችግር ያድናል።

የቀን ጉዳይ ከፊደሉ የበለጠ ጉዳት ሲያደርስ አይቻለሁ። ፕሮግራሞቹ የሚያውቁት የጎርጎርዮሳዊውን አቆጣጠር ብቻ ነው፤ በቀን መመዝገቢያው ቦታ 2009 ብለን የራሳችንን ዓመት ብንሞላ ፎቶግራፉ ከትክክለኛው ዘመኑ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። አዲስ አበባ ላይ ለዚህ ከሌኒን ሐውልት የሚሻል ማስረጃ አላውቅም። ሐውልቱ የተተከለው በጎርጎርዮሳዊው 1983 ነው፤ የተነሣው ደግሞ በእኛ ግንቦት 1983 ዓ.ም. ነው። «ሌኒን፣ 1983» ተብሎ የተጻፈበት ፎቶግራፍ የምረቃው ይሁን የፍርሰቱ ከቁጥሩ አይታወቅም። ስለዚህ በቀን መመዝገቢያው ቦታ የጎርጎርዮሳዊው፣ በመግለጫው ውስጥ ደግሞ የእኛው ቀን «ዓ.ም.» ከሚለው ጋር ሙሉ ሆኖ ይጻፍ። ከመስከረም 1 እስከ ጎርጎርዮሳዊው ዓመት መጨረሻ ልዩነቱ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት መሆኑን፣ ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ማግሥትም ቀኖቹ እስከ የካቲት ድረስ በአንድ እንደሚገፉ ማስታወስ ይገባል። የ2012 ዓ.ም. ጥምቀት የዋለው ጃንዋሪ 19 ሳይሆን 20 የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሰዓቱም እንደዚሁ ነው። ካሜራውን በእኛ ሰዓት የሞላ ሰው ጠዋት በ3 ሰዓት ያነሣው ፎቶግራፍ ከሌሊቱ 9 ሰዓት የተነሣ ሆኖ ይመዘገብበታል። ይህ ግን በቀላሉ ይታረማል። ዲጂካም የተመረጡ ፎቶግራፎችን ሁሉ ሰዓት በአንድ ትእዛዝ በስድስት ሰዓት ወደ ፊት ሊገፋ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ያለውና በጽሑፍ ትእዛዝ የሚሠራው ኤግዚፍቱልም ይህንኑ ያደርጋል። ስካን የተደረገ አሮጌ ፎቶግራፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ ስካን የተደረገበትን ቀን ይዞ ይመጣል። የአክስቴ የ1959 ዓ.ም. ፎቶግራፍ በመጀመሪያ ከዓምናዎቹ መካከል ተሰልፎ ነበር፤ ጥር 12 ቀን 1959 ማለት ጃንዋሪ 20 ቀን 1967 ስለሆነ ቀኑን በዚያው አረምሁት። ዓመቱ ብቻ ሲታወቅ የዓመቱን የመጀመሪያ ቀን ሰጥቶ በመግለጫው «ቀኑ በግምት» ብሎ መጻፍ፣ ግምቱ ከምን እንደተነሣም መጨመር ያስፈልጋል።

የሥራውን ብዛት በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። ለአንድ ሠርግ ሦስት መቶ ፎቶግራፍ ሦስት መቶ ጊዜ አይጻፍም። ሁሉንም መርጦ ቦታውንና ቀኑን አንድ ጊዜ መስጠት፣ ከዚያ ለየብቻ የሚገባውን ስም ብቻ መጨመር ይቻላል። የፎቶ አንሺው ስምና የባለቤትነት መብት በቅድሚያ በተዘጋጀ ቅጽ ተሞልተው በአንድ ጊዜ ለሁሉም ይሰጣሉ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የፎቶግራፍ ሥራንም ስለሚጠብቅ በሙያው የሚተዳደር ሰው ይህን ቦታ ባዶ ሊተወው አይገባም። እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ደግሞ ማየት ለተሳናቸው አንባቢዎች በድምፅ የሚነበብ አጭር ገለጻ የሚጻፍበት ቦታ በሥርዓቱ ውስጥ ተጨምሯል፤ ፎቶግራፍ የሚያሳትሙ ተቋማት ቢጠቀሙበት ለብዙ ሰው በር ይከፍታሉ።

ጽሑፉ በጉዞ ላይ የሚጠፋበት መንገድም መታወቅ አለበት። በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ተጨምቆ እንደገና ስለሚሠራ ከጀርባው የተጻፈው ሁሉ ይራገፋል። እንደ ፋይል ሲላክ ግን እንዳለ ይደርሳል። ዘመድ «ያቺን ፎቶ ላክልኝ» ሲል በፋይል መላክ ትንሽ ዳታ ይበላ ይሆናል እንጂ ጽሑፉን ያድናል። በተቃራኒው ደግሞ መራገፍ ያለበት ጊዜ አለ። ስልክ የሚመዘግበው የቦታ መጋጠሚያ የመኖሪያ ቤትን በር እስከ ማሳየት ሊደርስ ይችላል፤ የልጆች ስምና የቤታቸው ቦታ በአንድ ፋይል ውስጥ ሆኖ ወደማያውቁት ሰው እጅ መግባት የለበትም። ለሕዝብ በሚለቀቀው ቅጂ ላይ እነዚህን ማጥፋት፣ ሙሉውን ለቤት ማስቀመጥ ተገቢ ነው። በዊንዶውስ ፕሮፐርቲስ ገጽ ላይ ይህን የግል መረጃ ያስወገደ ቅጂ የሚያዘጋጅ ትእዛዝ አለ።

ሁሉም በትክክል መሠራቱን የማረጋግጠው በአንድ መንገድ ነው። አንድ ፎቶግራፍ ወደ ፍላሽ እገለብጥና ዲጂካም በሌለበት፣ የእኔን መዝገብ በማያውቅ ሌላ ኮምፒውተር ላይ እከፍተዋለሁ። መግለጫው በአማርኛ ተሟልቶ ከታየ ጽሑፉ በእርግጥ በፎቶግራፉ ጀርባ ላይ ነው። ካልታየ አሁንም በመዝገብ ውስጥ ብቻ ነውና ወደ ሴቲንግሱ እመለሳለሁ። አዲስ ፕሮግራም በጀመርሁ ቁጥር ሺውን ከመጻፌ በፊት ይህን በአንዱ ላይ እሞክራለሁ።

የአክስቴን ፎቶግራፎች ስካን የማደርገው ፊትና ጀርባቸውን ነው። የጀርባው ጽሑፍ ራሱን ችሎ እንደ ሁለተኛ ምስል ይቀመጣል፤ ቃል በቃልም ወደ መግለጫው ይገለበጣል፤ እኔ የጨመርሁት ከእርሱ ተለይቶ እንዲታወቅ የጥንቱን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገባዋለሁ። ባለፈው እሑድ ያቺን የጃንሜዳ ፎቶግራፍ በኮምፒውተሩ ላይ አጉልቼ ለአክስቴ ሳሳያቸው፣ መነጽራቸውን አድርገው ቀርበው አዩና ከሦስቱ ወጣቶች የሁለቱን ስም ወዲያው ነገሩኝ፤ አንዱ የመርካቶ ነጋዴ እንደነበረ፣ ሌላኛው ወንድማቸው እንደሆነ። ሦስተኛውን ብዙ ቢያስቡም አላስታወሱትም። በመግለጫው ላይ «በስተቀኝ የቆመው፣ ስሙ ገና ያልታወቀ» ብዬ ጻፍሁ፤ «ስም የሚጠየቅ» የሚል ታግም ሰጠሁት። በዚህ ታግ እስካሁን አርባ አንድ ፎቶግራፎች ተሰብስበዋል። ለፋሲካ ዘመዶች ሲሰባሰቡ ኮምፒውተሩን ይዤ ሄጄ አንድ በአንድ እጠይቃቸዋለሁ።